የሕግ ተማሪ በችሎት ደጃፍ

የሕግ ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ አንቀጽ በቃሉ የያዘ ሁሉ ጥሩ ጠበቃ በሆነ ነበር። ነገሩ እንዲህ እንዳልሆነ ያወቁ አገሮች ተማሪውን ገና ሳይመረቅ ወደ ሥራው ቦታ ይልኩታል። በአሜሪካ የሕግ ተማሪ ሁለተኛውን ዓመት ሲጨርስ ከትልልቆቹ የጥብቅና ድርጅቶች በአንዱ ለዐሥር ሳምንት ያህል ይቀጠራል። ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ምሳ ይጋበዛል፤ ጽሑፉ ይታረምለታል። ድርጅቱ ልጁን ይመዝናል፤ ልጁም በበኩሉ ድርጅቱን ይመዝናል። ጊዜው ሲያልቅ፣ ከተስማሙ፣ ሲመረቅ የሚገባበትን ሥራ አስቀድሞ ይዞ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። ይኽ ሁሉ ደግነት ለነገ ሠራተኛ የሚከፈል ቀብድ መሆኑን ግን መርሳት አይገባም።

በእኛ አገር ነገሩ በሌላ መንገድ ነው የመጣው። የሕግ ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ በ1956 ዓ.ም. ተከፈተ። ጥቂት ቈይቶም የዩኒቨርስቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ተደነገገ፤ አብዛኞቹ ግን የተመደቡት በአስተማሪነት ነበር። በ1998 ዓ.ም. የሕግ ትምህርት ሲሻሻል ዘመኑ አምስት ዓመት ሆነ፤ የመውጫ ፈተናና ኤክስተርንሽፕ የሚባለው የተግባር ልምምድም ገቡበት። ተማሪው በፍርድ ቤት፣ በዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ወይም በጠበቃ ቢሮ ተመድቦ ሥራውን በዓይኑ እንዲያይ ማለት ነው።

እንግዲህ ይኽ ልምምድ በሆሳዕናና በአካባቢዋ ከተሞች ምን እንደሚመስል ማየት ይጠቅማል። ሆሳዕና ድሮ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ናት። ዋቸሞ ዩኒቨርስቲም በዚያው አለ። ፍርድ ቤቱም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ ማረሚያ ቤቱም ቅርብ ነው። የአሜሪካን ዐይነት የጥብቅና ድርጅት ግን አይፈለግ። በፌዴራል ደረጃ እንኳ ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት እንዲያቋቁሙ የተፈቀደው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። በዞን ከተማ ያለው ጠበቃ ብዙውን ጊዜ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ቢበዛ ከአንዲት ጸሓፊ ጋር፣ ብቻውን የሚሠራ ሰው ነው። ጧት ችሎት ይቆማል፤ ከሰዓት በኋላ አቤቱታ ያዘጋጃል። ለተማሪ የሚሆን ትርፍ ወንበር ካለው መልካም ነው። ትርፍ ሰዓት ግን ከየት ይምጣለት?

ስለዚህ አብዛኛው ተማሪ በፍርድ ቤት ይመደባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚማረው ነገር በየትኛውም ኮርስ የለም፤ ይኸውም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ምን ያህል ታላቅ ሰው እንደ ሆነ ነው። መዝገብ ካልተገኘ ዳኛ የለም፤ ቀጠሮ ካልተጻፈ ፍርድ የለም። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ክፋቱ የሚመጣው ተማሪው ከዚያ አልፎ ሳይሄድ ሲቀር ነው። መዝገብ ያመላልሳል፤ ፎቶ ኮፒ ያስነሣል፤ ከችሎቱ የኋላ ወንበር ተቀምጦ መጀመሪያቸውን የማያውቃቸውን ክርክሮች ያዳምጣል። በመጨረሻው ቀን ተቈጣጣሪው ቅጹን ተቀብሎ በየመስመሩ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ይሞላለታል። ቅጹም በፖስታ ታሽጎ ወደ ዩኒቨርስቲው ይሄዳል። የተሰደበ የለም፤ የተማረም የለም።

ትልቁ ፈተና የቋንቋ ነው። ተማሪው ሕጉን በክፍል የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። አቤቱታውና ፍርዱ የሚጻፈው በዐማርኛ ነው። ባለጉዳዩ ነገሩን የሚያስረዳው ደግሞ በሐዲይኛ ወይም በከምባትኛ ነው። አንድ ገበሬ የእንሰት ማሳው ወሰን እንዴት እንደ ተገፋ ሲናገር ቃሉ ሁለት ድንበር ተሻግሮ ነው ከተማሪው ደብተር የሚደርሰው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ መብት ሰጥቶታል። ይኽን አንቀጽ ለፈተና ሲያጠና የኖረ ተማሪ፣ አስተርጓሚው ረጅሙን ንግግር በሦስት ቃላት ሲያሳጥረው የሰማ ዕለት፣ መብት በወረቀትና መብት በጆሮ ምን ያህል እንደሚራራቁ ይገባዋል። በዚህ ረገድ የአገሩን ቋንቋ የሚያውቅ ተማሪ ከሁሉም ይልቃል። በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛው ደካማ ነው ተብሎ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ በሆሳዕና ችሎት ከፊት ይሆናል። (በነገራችን ላይ፣ ከፍርድ ቤት ደጅ የተቀመጠው ራፖር ጸሓፊ ስለ ዐማርኛ አቤቱታ አጻጻፍ የሚያውቀውን ያህል የሚያስተምር ኮርስ ቢኖር ይጠቅም ነበር።)

የጉዳዮቹም ዐይነት የራሱ የአካባቢው ነው። ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደ ሄዱ የታወቀ ነው። መንገደኛው በመንገዱ ሲያልፍ የሕግ ጥያቄውን በቤቱ ትቶ ይሄዳል። እንበል፣ አጎት ለወንድሙ ልጅ የጕዞ ገንዘብ ያበድራል። ሽማግሎች ተቀምጠዋል፤ ቃል ተገባብቷል፤ የተጻፈ ነገር ግን የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ አይችልም ይላል። ያ ገንዘብ ዛሬ አንድ በግ እንኳ አይገዛም፤ ሕጉ ግን እንዳለ ነው። አጎትዮው ዐምስት ምስክር ቆጥሮ ከጠበቃው ፊት ሲቀመጥ፣ ጠበቃውም «አባቴ፣ ምስክሮችዎ እውነተኞች ናቸው፤ ነገር ግን አይሰሙልንም» ሲለው ያየ ተማሪ ያን ቁጥር ዕድሜ ልኩን አይረሳም። ሌላው ነገር ውክልና ነው። ጆሃንስበርግ ያለው ልጅ በላከው ገንዘብ የተሠራውን የከተማ ቤት ወንድም ሊሸጥ ይመጣል። የያዘው ጠቅላላ ውክልና ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ግን ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ያው ሕግ በቁጥር 2205 ይደነግጋል። ይኽን በጊዜው የሚነግረው ሰው ካላገኘ ሁለት ወንድማማቾች ለዓመታት ይካሰሳሉ።

በዱራሜ በኩል ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ከአካባቢው የተወለዱት ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1997 በመሠረቱት ማኅበር የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን የተቃወሙት በየመንደሩ ሕዝቡን እያነጋገሩ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እነዚህን ድርጊቶች በግልጽ ሲቀጣ የከምባታ መንደሮች ነገሩን መወያየት ጀምረው ነበር። ልምምድ የወጣ ተማሪ በዚያ ከሽማግሎች ጋር ቢቀመጥ፣ ሴራ የሚባለው የአገሩ ሥርዐት ከፍርድ ቤት ጋር የት እንደሚገናኝ፣ የትም እንደሚጣላ ማየት ይችላል።

እንግዲህ ይኽን ያህል የሚማሩት ነገር እያለ ጊዜው በከንቱ የሚያልፈው ስለ ምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ወቅቱ ነው። ልምምዱ በክረምት ሲውል ፍርድ ቤቱ ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ ለዕረፍት ይዘጋል፤ የሚቀረው ተረኛ ችሎት ነው። ተማሪውን ለዕረፍት የተዘጋ ቤት መላክ ደግሞ ልምምድ አይባልም። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። የአሜሪካው ተማሪ ደመወዝ ሲቀበል የእኛው ከቤተ ሰቡ እየለመነ ቤት ይከራያል፤ ዘመድ በከተማው የሌለው ደግሞ ከዚያም ይከፋል። ሦስተኛው ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ ከክስ ማመልከቻ እስከ ፍርድ የሚከታተለው አንድ መዝገብ መስጠት። አቤቱታውን ራሱ ያረቃል፤ ጠበቃው ያረቀውን አጠገቡ አድርጎ ልዩነቱን ያያል፤ ፍርዱ ሲነበብም በችሎት ይገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከጥቅምት በኋላ የሚጀምር መርሐ ግብርና ቅጹን ከመሙላቱ በፊት የተማሪውን ረቂቅ የሚያነብ አንድ ተቈጣጣሪ ነው።