አቴንዳንስ ስምምነት አይደለም

ለኃይል ፕሮጀክቶች የኅብረተሰብ ምክክር ለምታዘጋጁ የሥራ ባልደረቦቼ፣

በኮልፌ ቀራንዮ በመብራትና በማገዶ ጉዳይ በነዋሪውና በፕሮጀክቶች መካከል ስመላለስ ዓመታት ተቆጥረዋል። ይህን የምጽፍላችሁ አሠራራችን እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

እንዴት እንደምንሠራ ታውቁታላችሁ። ዲዛይኑ ካለቀና ገንዘቡ ከተፈቀደ በኋላ በወረዳ አዳራሽ ስብሰባ እንጠራለን፤ በሥራ ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። በዚያ ሰዓት የቀን ሠራተኛው ሥራው ላይ ነው፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠዋም ከምጣዷ አልተነሳችም። የሚመጡት የቤት ባለቤቶች፣ ጡረተኞችና የኮሚቴ አባላት ናቸው። ባለሙያው ያስረዳል፣ ሁለት ሦስት ሰው ይናገራል፣ አቴንዳንስ ይዞራል፣ አበል ይከፈላል። ሪፖርቱ ላይ «ኅብረተሰቡ ተወያይቶ ተስማምቷል» ተብሎ ይሰፍራል። ይህን ዓረፍተ ነገር እኔም በእጄ ጽፌዋለሁ።

የመብራት መስመር ለማጠናከር ከተጠራ እንዲህ ያለ ስብሰባ ስወጣ አንዲት ተከራይ በር ላይ አስቆመችኝ። አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም። «ቆጣሪው በአከራዬ ስም ነው፤ ምጣድ እንዳልጥድ ተከልክያለሁ። መስመሩ ቢጠናከር ለእኔ ምን ይለወጥልኛል?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። በሞላነው ቅጽ ላይም ለጥያቄዋ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

በኋላ ግቢዋን አየሁት፤ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ከፍ ይላል፤ ዝቅተኛው እርከን የታሰበው አቅም ለሌለው ነው። የአምስት ድሃ ቤት አምፖል በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ግን በወረቀት ላይ የአንድ ሀብታም ቤት ፍጆታ ይመስላል። ሴትዮዋ ውዱን ዋጋ እየተካፈለች እንጀራዋን በሰጋቱራ ትጋግራለች። ይህን በስብሰባው ላይ ማን ያነሳዋል? በፊት ወንበር የተቀመጡት እኮ ባለቆጣሪዎቹ ናቸው።

ሰው ሳይሰማ ሲቀር ዋጋው ከቆጣሪም በላይ ሊሆን ይችላል። በዚሁ ክፍለ ከተማችን ረጲ ውስጥ ቆሼ የሚባለው የከተማው የቆሻሻ ክምር አለ። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ቆሻሻ ወደ ሰንዳፋ ማስወገጃ መሄድ ጀምሮ ነበር፤ የአካባቢው አርሶ አደሮች ውሃችንና ከብታችን ተጎዳ፣ በቅጡም አልተማከርንም ብለው ተቃወሙ። ማስወገጃው በወራት ውስጥ ተዘጋ፣ ቆሻሻውም ተመልሶ ቆሼ ላይ ተከመረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በሥሩ ባሉት የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። የመናዱ ምክንያት አንድ ብቻ ነው አልልም። የሰንዳፋን ገበሬ በወቅቱ አለመስማት ያስከተለው ጣጣ ግን እዚህ ኮልፌ ድረስ መምጣቱን አይተናል።

ከ17 ወር በኋላ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ከክምሩ አጠገብ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል፣ ኃይሉም ወደ ብሔራዊ ቋት እንዲገባ ታስቦ የተሠራ ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ አልነቅፈውም። ዳሩ ግን ያ ቆሻሻ ብረትና ፕላስቲክ ለቅመው ለሚያድሩ ሰዎች እንጀራ ነበር። ነዳጅ ሲሆን እነሱ በምን ይተዳደራሉ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ንድፉ ወረቀት ላይ ከመውረዱ በፊት ይዞ መግባት ነው የእኛ ሙያ።

ከከተማችን ርቀን ብንሄድም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በኦሞ ሸለቆ ሙርሲዎች፣ ካሮዎችና ዳሰነቾች የወንዙ ሙላት ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ ሦስት ግድብ 1,870 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ሲገነባ ያ ሙላት ቀረ። የእነሱ ጉዳት ከእኛ ሰፈር የቆጣሪ ችግር ጋር አይወዳደርም። ሆኖም ሪፖርት የምንጽፍበት ቋንቋ አንድ ነው፤ እዚያም እዚህም «ተወያይተናል» እንላለን።

ሕጉ አልጎደለንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 92ም አካባቢን በሚመለከት ይህንኑ ይላል። መጠየቅ ደግሞ ከውሳኔ በፊት ነው፤ ካለቀ በኋላ የሚደረገው ማሳወቅ ይባላል።

የምለምናችሁ ይህን ነው። ንድፉ ሳይጀመር እሑድ እሑድ ወደ እድሩ እንሂድ፤ ተከራዩም ባለቤቱም እዚያ አለ። ተከራዮችን፣ በተለይ ሴቶቹን፣ ባለቤቶቹ በሌሉበት ለብቻ እናነጋግር። ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነና ስንት ቤት እንደሚጠቀምበት በየግቢው እንመዝግብ። አንድ ሰው «አልስማማም» ካለ ከነምክንያቱ ሪፖርቱ ውስጥ ይግባ። ደመወዛችንን ፕሮጀክቱ የሚከፍል ከሆነም ስብሰባው ሲከፈት በግልጽ እንናገር፤ ሰው ለማን እንደምንሠራ ማወቅ አለበት።

ያቺን ተከራይ አሁንም መንገድ ላይ አገኛታለሁ። ሰላምታ ትሰጠኛለች፤ ስለ መብራቱ መጠየቅ ግን ትታለች። የሚቀጥለው ረቂቅ ሪፖርት ለአስተያየት ሲደርሰኝ የእሷን ጥያቄ ካላገኘሁበት አልፈርምም።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪና የሥራ ባልደረባችሁ