ከኑግ ማሳ እስከ ቆዳ
የአዘጋጁ ማስታወሻ

በጥቅምት ከባሕር ዳር ወጣ ሲሉ የኑግ ማሳው ቢጫ ነው። እኛ የምናስበው ወጡን ነው፤ የዘይቱ ትልቁ ድርሻ ግን ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል ቅባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ጌቢኪና ሂክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይኸው አሲድና ኦሌይክ አሲድ ውኃ ውስጥ በራሳቸው ተጠቅልለው ደቃቅ ከረጢት እንደሚሠሩ አሳዩ። ከረጢቱ መድኃኒት ይሸከማል፤ ኦሌይክ አሲድ ደግሞ የቆዳውን የላይኛ ንጣፍ ላላ አድርጎ ያሳልፋል። (አናታችንን ቅቤ የቀቡን እናቶች ይህን ቢሰሙ አይደነቁም።) ችግሩ፣ እነዚህ ከረጢቶች አሲድ አይወዱም፤ ቆዳችን ደግሞ ትንሽ አሲዳማ ነው። ካልተደገፉ ፈርሰው የዘይት ጠብታ ይሆናሉ።

የቅባት ከረጢት ለጣና ዳር ሰው እንግዳ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወባ ሲባል የቆየው ትኩሳት ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ አምቢዞም ነው፤ አምፎተሪሲን ቢን ከፎስፎሊፒድና ከኮሌስትሮል በተሠራ ከረጢት ይዞ በደም ሥር ይገባል። የካላ አዛር ዘመድ የሆነው፣ ፊት ላይ ጠባሳ የሚተወው ቁንጭርስ? እሱ ቆዳ ላይ ያለ በሽታ ነው፤ የሚቀባ መድኃኒት ቢገኝለት ሕመምተኛው ከመርፌ ያርፍ ነበር። የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።