ጊንጥ የለጠፈች ሁሉ አባርት አይደለችም

ልጆቼ፣ በተለይ ሶዶ፣ ቦዲቲና አረካ ጋራዥ የከፈታችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይቺ ለእናንተ ናት። ሌላውም ቢያነባት አይከፋኝም።

ሰሞኑን ከተማችን ውስጥ አንዲት ሴይቼንቶ መነጋገሪያ ሆናለች። አፍንጫዋ ላይ ጊንጥ ተለጥፎባታል። ደላላው «ፊያት እንዳትሏት፣ አባርት ናት» እያለ ዋጋዋን ሰማይ ሰቅሎታል። ገዢው ከውጭ የተመለሰ የአገራችን ልጅ ነው፣ የዓመታት ጥሪቱን ይዞ። የቀረው የአንድ ተማሪዬ ፊርማ ብቻ ነው፤ «ኦሪጅናል ነች» ብሎ እንዲጽፍላቸው።

አትፈርም! ሳትለካ አትፈርም።

ካርሎ አባርት ቪየና ተወልዶ በ1949 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጣሊያን ውስጥ ድርጅቱን ያቋቋመ ሰው ነው። ጊንጡ የራሱ ኮከብ ነው። ሥራው ተራዋን ፊያት ወስዶ ማፍጠን ነበር። የ600ዲ ሴይቼንቶ ሞተር 767 ሲሲ ነው፤ እሱ 847 አድርሶ 850ቲሲ አላት። ጣጣው ምን መሰላችሁ? ሙሉ መኪና ብቻ አይደለም የሸጠው፤ መለወጫ ዕቃውንም በሳጥን ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ከእሱ ቤት የወጣች አለች፣ ዕቃው ሌላ ጋራዥ የተገጠመላት አለች፣ ጊንጥ ብቻ የተለጠፈባት አለች። የሦስቱ ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ስሙ የተቀረጸበት ማርሚታ ደግሞ ዛሬም አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል።

እና በምን ይለያል? ቴስታታውን ክፈቱ። የሲሊንደር ስፋት ብቻውን አይነግራችሁም፤ የ600ዲ 62 ሚሊ፣ የ850ቲሲ 62.5 ነው። አንዴ ሬቲፊካ የገባ ሞተር እዚያ ይደርሳል። የፒስተኑን ምላሽ ለኩ። ተራዋ 63.5፣ የአባርቷ 69 ሚሊ ነው። ይሄን በቀለም አትሸፍነውም፤ ክራንክሻፍቱ ራሱ ሌላ መሆን አለበት።

ሌላ ወጥመድም አለ። ፊያት 850 የምትባለው መኪና ሞተር 843 ሲሲ ነው፤ ስፋቱ 65፣ ምላሹ 63.5። ደላላ «850 ነው» ሲላችሁ አልዋሸም፣ ግን አባርት አይደለም።

መጠኑ ቢገጥም እንኳ «ሞተሩ የአባርት ልክ አለው» ብላችሁ ነው የምትጽፉት እንጂ «መኪናዋ ከአባርት ቤት ወጣች» ብላችሁ አይደለም። ለዚያ የመጀመሪያ ሰነዶቿ ይምጡ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ዙሪያው የተፈገፈገ፣ ፊደሉ ያልተስተካከለ ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ። «ትንሽ አስተካክልልን» ያላችሁን ሰው ከጋራዡ አስወጡት። ያ ወንጀል ነው፤ ሲመጣም የሚጠየቀው መዶሻውን የያዘው ነው።

በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ወርቅ ሆኗል፣ ይገባኛል። ግን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የእኛ ሰው ዕቃ በጠፋበት ዘመን በቶርኖ እየቀረጸ፣ የሌላ መኪና ሞተር እያስማማ እነዚህን መኪኖች አቆይቷል። እሱን ሥራ ደብቆ የቱሪን ስም መለጠፍ ለምን አስፈለገ? «ሶዶ የተሠራች ሴይቼንቶ» ብላችሁ ሽጧት። የሚገዛት አይጠፋም፤ እኔም ቢኖረኝ እገዛ ነበር።

የድሮ የፊያት 600 ማንዋል ቤቱ ያስቀመጠ ካለ ፎቶ አንስቶ በውስጥ መስመር ይላክልኝ። ለልጁ አስተላልፍለታለሁ።