840 ቋንቋዎች በአንድ መንግሥት ሥር

ከአውስትራሊያ በስተሰሜን የምትገኘው ፓፑዋ ኒው ጊኒ ከስሟ በቀር በእኛ ዘንድ እምብዛም አትታወቅም። የሕዝቧ ቁጥር ከ10 ሚሊዮን ጥቂት እንደሚበልጥ ይገመታል፤ የሚነገሩባት ቋንቋዎች ግን ወደ 840 ይጠጋሉ። በአንድ መንግሥት ግዛት ይህን ያህል ቋንቋ የሚነገርበት ሌላ አገር በዓለም ላይ የለም። ከነዚህም አንዱ በደጋው ክፍል የሚነገረው እንጋ ከ200 ሺህ የሚበልጡ ተናጋሪዎች ሲኖሩት፥ ብዙዎቹ ከጥቂት መቶ ሰዎች አፍ አያልፉም።

ተራራው ገደላማ፥ ቆላው ረግረግ፥ ደሴቶቹም የተበታተኑ ስለሆኑ ጎረቤት ለጎረቤት ሳይተዋወቅ ኖሯል። በ1930ዎቹ (የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ማይክል ሊሂና ጓደኞቹ ወርቅ ፍለጋ ወደ ደጋው ሲዘልቁ፥ ባዶ ነው ሲባል በኖረው አገር ቦይ እየቀደደ ስኳር ድንች የሚያለማ፥ ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋል የተባለ ሕዝብ አገኙ። አገኙ የሚባለው ለአውሮፓውያን ነው እንጂ ባለአገሮቹስ ጠፍተው አያውቁም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሕዝብ በምን ይግባባል? በአብዛኛው በቶክ ፒሲን ነው። ይህን ቋንቋ ሊቃውንት ተሰብስበው አላወጡትም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፥ ጀርመኖች ሰሜኑን ክፍል በያዙበት ዘመን፥ ከየደሴቱ ተመልምለው በኮኮናት እርሻ ላይ የተቀጠሩ የጉልበት ሠራተኞች ያዳበሩት ነው። አብዛኞቹ ቃላት ከእንግሊዝኛ የመጡ ሲሆኑ ሰዋስዉ ግን በብዙ መንገድ የደሴቶቹን ቋንቋዎች ይከተላል። ሐኪም ቤቱ «ሃውስ ሲክ»፥ እስር ቤቱ «ሃውስ ካላቡስ»፥ ማድ ቤቱ «ሃውስ ኩክ» ይባላል፤ ሁሉን በ«ቤት» መጥራት ለለመደ አማርኛ ተናጋሪ ይህ አያስቸግረውም። ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን «እኛ» የሚለው ቃል ለሁለት መከፈሉ ነው። ተናጋሪው ሰሚውን ጨምሮ ከሆነ «ዩሚ» ይላል፤ ሰሚውን ከውጭ ትቶ ከሆነ «ሚፔላ» ይላል። አንድ ሹም በሕዝብ ፊት ቆሞ «እኛ» ሲል የትኛውን እንደ መረጠ ወዲያው ይታወቅበታል። በእንግሊዝኛ ቢናገር ግን ተሸፍኖ ያልፋል።

የቅኝ ግዛት ሹማምንት ይህን ቋንቋ የተሰባበረ እንግሊዝኛ እያሉ ይንቁት ነበር። በ1953 የተባበሩት መንግሥታት የሞግዚት አስተዳደር ምክር ቤት እንኳ አውስትራሊያ በቶሎ እንድታጠፋው አሳስቧል። ቋንቋው ግን አልጠፋም። በ1964 በሕዝብ ምርጫ የቆመው ምክር ቤት ሲከፈት ክርክሩ በአስተርጓሚ ረዳትነት በእንግሊዝኛ፥ በቶክ ፒሲንና በደቡብ በሚነገረው ሞቱ ተካሄደ። አገሪቱ በማይክል ሶማሬ መሪነት በ1975 ነፃ ስትወጣ የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ፥ ዜግነት የሚለምን የውጭ አገር ሰው ቶክ ፒሲን ወይም ሂሪ ሞቱ ወይም ከአገሬው ቋንቋዎች አንዱን እንዲያውቅ ያስገድዳል። እንግሊዝኛ ብቻ መቻሉ አይበቃውም!

እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣ መንግሥት ከትምህርት ቤት በር ሲደርስ አመነታ። በ1990ዎቹ ሕፃናት በእናታቸው ቋንቋ ትምህርት እንዲጀምሩ ተወስኖ ከ300 በሚበልጡ ቋንቋዎች ማስተማር ተቻለ። ነገር ግን መጽሐፍ አነሰ፥ የመምህራኑም ሥልጠና አልበቃም፤ ወላጆች ልጆቻችን እንግሊዝኛ አልቻሉም ብለው አማረሩ። በ2013 መንግሥት ትምህርቱ ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ እንዲሆን አዘዘ። የወርኀ ደመወዝ በር የሚከፈተው በእንግሊዝኛ ነውና በወላጆቹ አንፈርድም። በእኛ አስተያየት ግን ሕመሙ የመጽሐፍና የመምህር እጥረት ነበር፤ መጽሐፍ የሌለው ትምህርት ቤት ቋንቋ ስለ ለወጠ መጽሐፍ አያገኝም።

በመሥሪያ ቤቶችም ሌላ ችግር አለ። «ዋንቶክ» ማለት ባለ አንድ ቋንቋ ማለት ነው፤ ከተማ ለገባ ችግረኛ ዋንቶኩ ማደሪያና እራት ይሰጠዋል። ያው ዘመድ ሹም ሲሆን ግን ሥራ ስጠኝ ይባላል፤ እንቢ ማለትም እንደ ነውር ይቆጠርበታል።

ቶክ ፒሲንንም ቢሆን በደፈናው አናመሰግነውም። በሴፒክ ወንዝ አካባቢ ጋፑን የምትባል መንደር አለች። ተመራማሪው ዶን ኩሊክ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እየተመላለሰ እንደ መዘገበው፥ ታያፕ የተባለውን የመንደሯን ቋንቋ የከለከለ ሕግም ሹምም አልነበረም። ወላጆች ሳያስቡት ለልጆቻቸው በቶክ ፒሲን መናገር ጀመሩ፤ ልጆቹም ታያፕን ሳይናገሩት አደጉ።