ቀጥ ብሎ የቀረን ኮምፒውተር የሚቀሰቅስ ዘበኛ

ባለፈው ዓመት፣ ፈተና ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ተማሪዎቻችን የጥናት ጽሑፍ የሚያገኙበት የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ዓርብ ማታ ቀጥ ብሎ ቀረ። መብራቱ በርቷል፤ መልስ ግን አይሰጥም። የክፍሉን ቁልፍ የያዘው ባልደረባችን ሰኞ ጠዋት መጥቶ አጥፍቶ አበራው፤ ሥራው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ልጆቹ ግን ሳያጠኑ ለፈተና ተቀምጠዋል።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር «ዋችዶግ» የሚባል ዘዴ አለ፤ ትርጉሙ ጠባቂ ውሻ ማለት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በኮምፒውተሩ ውስጥ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ኮምፒውተሩ ደህና እስከሆነ ድረስ በየጊዜው «አለሁ» እያለ ቆጠራውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ድምፁ ጠፍቶ ቆጠራው ዜሮ ከደረሰ ሰዓቱ ማንንም ሳይጠይቅ ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሳዋል።

ራስፕቤሪ ፓይ በተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይህ ሰዓት አብሮ የተሠራ ነው፤ የሚታገሠውም 15 ሰከንድ ያህል ነው። በሊኑክስ ላይ ሲስተምዲ የተባለው አስተዳዳሪ «አለሁ» ባይነቱን ይረከባል። በዋናው የማስተካከያ ፋይሉ የዋችዶጉን ጊዜ 10 ሰከንድ ብንለው በየ5 ሰከንዱ ድምፅ ያሰማል። ነገር ግን ሲስተሙ በሕይወት ሳለ አንድ ፕሮግራም ብቻ ቢተኛ ይህ ዘበኛ አያውቅም። ለዚያ ፕሮግራም የራሱን ዘበኛ መመደብ ያስፈልጋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒውተሯ ደጋግሞ እንደገና ይነሣ ጀመር። የሚያስነሣው ዘበኛው ነበር። ምክንያቱም አስቸኳዩ ሥራ፣ አነስተኛው ሥራ የያዘውን ዕቃ እስኪለቅለት ሲጠብቅ፣ መካከለኛው ሥራ በመሐል እየገባ ጊዜውን ይወስድበት ስለነበር ነው። መሐንዲሶቹ ምድር ላይ ባለው አምሳያዋ ችግሩን ደግመው ካዩ በኋላ ማስተካከያውን ከዚሁ ላኩላት። ዘበኛው ኮምፒውተሯን ቢያስነሣም፣ በሽታውን ያገኙት ግን ሰዎቹ ናቸው።

የእኛም ኮምፒውተር ዘበኛ ካገኘ ወዲህ ሁለት ጊዜ በራሱ ተነሥቷል። በሁለተኛው መዝገቡን ገልጠን ስናይ ሜሞሪው እያለቀበት ኖሯል። እናንተም ዘበኛ ስታቆሙ አስቀድማችሁ የፋይሎቻችሁን ቅጂ ያዙ፤ ድንገት መነሣት ያልተቀመጠ ሥራን ያጠፋልና። በተነሣ ቁጥርም «ለምን ወደቀ?» ብላችሁ ጠይቁ።