አልፎንስ በመጽሐፍና በፊልም

በብሬዴንግ የምድር ባቡር ጣቢያ አካባቢ የሚታዩት ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩ ናቸው። እዚህ የሚያድግ ልጅ የአልፎንስ ኦበሪን መጽሐፍ ሲገልጥ የሚያገኘው የንጉሥ ግቢ ሳይሆን እንደ ራሱ ቤት ያለ አፓርታማ ነው።

ጉኒላ በርግስትሮም (1942–2021) የመጀመሪያውን የአልፎንስ መጽሐፍ ያሳተሙት በ1972 ሲሆን፣ ጽሑፉም ሥዕሉም የራሳቸው ነው። ታሪኩ አጭር ነው። የአራት ዓመቱ አልፎንስ አልተኛም ይላል። አባቱ ተረት ያነብለታል፤ የጥርስ ብሩሽ፣ የሚጠጣ ነገር፣ ፖፖ ያቀርብለታል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ አንበሳ አለመኖሩንም ያይለታል። በመጨረሻ የልጁን አሻንጉሊት ሲፈልግ አባትየው ራሱ ወለሉ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። ልጁም ሄዶ ብርድ ልብስ ያለብሰዋል።

ፔር ኦሊን በ1970ዎቹ መጨረሻ ለስዊድን ቴሌቪዥን የአልፎንስን ታሪኮች በተንቀሳቃሽ ሥዕል ሠሩ። ተራኪው ተዋናይ ብዮርን ጉስታፍሶን ናቸው። ፊልሙ ለሥዕሎቹ ታማኝ ነው፤ በሁለቱም እናት የለችም፤ የት እንዳለችም አይነገርም። አንዱ ወላጅ እዚህ፣ ሌላው አዲስ አበባ ወይም ካርቱም በቀረበት ቤት ይህ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም።

ዋናው ልዩነት ድምፁ ላይ ነው። ፊልሙ ተናጋሪ አለው፤ የሚናገረውም በስዊድንኛ ነው። ልጁ ስለ እናትየው ቢጠይቅ ፊልሙ አይቆምለትም። መጽሐፉ ግን የወላጅን አፍ ይጠብቃል፤ ገጹም ጥያቄው እስኪመለስ ድረስ እንደተከፈተ ይቆያል።

ፊልሙ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ለልጁ ጥሩ ስዊድንኛ ያስተምረዋል። ይሁንና «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል። በስዊድን ከ1977 ጀምሮ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት በትምህርት ቤት ቢሰጥም፣ በሳምንት ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት የማታውን ጨዋታ አይተካም። ልጁ አማርኛ ሰምቶ በስዊድንኛ መመለስ ከጀመረ፣ ነገ ከአያቱ ጋር በስልክ የሚያወራው ሰላምታ ብቻ ይሆናል።

ስዊድንኛው የማይቀናው ወላጅም ቢሆን ምክንያት የለውም። ሥዕሉን እያየ ታሪኩን በአማርኛ መንገር ይችላል። አልፎንስ በኖርዌይ አልበርት፣ በጀርመን ቪሊ፣ በዓረብኛ ቡርሃን ተብሏል፤ ብሬዴንግ ውስጥ በአንድ ሳሎን አበበ ቢባል የሚቀየም የለም።

እንግዲህ ወላጆች መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት በነፃ ተውሰው መጀመሪያ በአማርኛ ያጫውቱ። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ይታይ፤ ድምፁም ይቀነስና ልጁ ራሱ በአማርኛ ይተርክ። ቃል ሲጠፋበት አባት ወይም እናት አጠገቡ ይኑሩ። ከሥራ የደከመ አባት መሐል ላይ እንቅልፍ ቢወስደው ግን አያፍርም፤ የአልፎንስም አባት ተኝቷል።