ሲርየስ የሚባለው ኮከብ ስሙን ከምን አገኘ?



«ኮከባቸው አልገጠመም» ስለ ተባለ የልጁን ጋብቻ ሊያስቀር ያሰበ አንድ አባት በቅርቡ ምክር ጠይቆኝ ነበር። መልሱን ከአንድ ኮከብ ስም ልጀምር።

በጥርና በየካቲት ምሽት ወደ ሰማይ ብትመለከቱ፣ በአንድ መስመር የተሰለፉ ሦስት ከዋክብት ታያላችሁ። መስመሩን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ብትከተሉት ከቋሚዎቹ ከዋክብት ሁሉ አብልጦ የሚያበራውን ሲርየስን ታገኛላችሁ።

ስሙ ከጽርእ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «የሚያቃጥል» ማለት ነው። ግሪኮች ይህ ኮከብ በሐሩር ወራት በማለዳ ከፀሐይ ቀድሞ ሲወጣ እያዩ፣ ንዳዱን የሚያመጣው እርሱ መሰላቸው።

ግብጻውያን ደግሞ «ሶፕዴት» ይሉት ነበር፤ ይኸውም «ስል» ማለት ነው። ኮከቡ 70 ቀን ያህል በፀሐይ ብርሃን ተሰውሮ ከቆየ በኋላ ጎሕ ሲቀድ እንደ ገና የሚታየው፣ ዓባይ ሞልቶ ምድራቸውን በሚያጠጣበት ወራት ነበር። ስለዚህ የዓመት መባቻ አደረጉት፤ ውኃውን የሚሰጥ መስሏቸውም አመለኩት።

ነገር ግን ሙቀቱ ከፀሐይ ነበር፤ ሙላቱም በኢትዮጵያ ደጋ የዘነመው የክረምት ዝናም በዓባይና በተከዜ ወርዶ ነው። የሲርየስ ብርሃንማ ወደ እኛ ለመድረስ 8 ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይፈጅበታል።

ከኮከቡ የተገኘው እውነተኛ ጥቅም የዘመን አቆጣጠር ነው። የግብጻውያን ዓመት 12 ወራት ከ5 ተጨማሪ ቀናት ነበረ፤ ሩብ ቀን ስለ ጎደለው ግን በየ4 ዓመቱ 1 ቀን ከኮከቡ መውጫ ይለይ ነበር። በ238 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ካህናቶቻቸው 6ኛ ቀን እንዲጨመር ወሰኑ፤ ሥርዓቱ የጸናው ግን በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 የምትሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። ጳጉሜን የሚለው ቃልም ራሱ ከጽርእ የመጣ ሲሆን «ተጨማሪ» ማለት ነው።

እንግዲህ ኮከብ የወራት ምልክት እንጂ የነገር ምክንያት አይደለም። ብርሃናት ለዕለትና ለዘመን መለያ እንደ ተፈጠሩ ኦሪትም ያስተምረናል። ስለዚህ ለዚያ አባት፣ «የልጅዎን እጮኛ ጠባይዋንና ሃይማኖቷን ይመርምሩ፤ ኮከቡን ግን ለዘመን ቆጣሪ ይተዉት» አልሁት።